ጀሪካኑ የት ሄደ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና የተጣደላችሁ አቦሉ እስኪደርስ አንብቡት፤ ቶናው ላይ ትከራከሩበታላችሁ።

ጥያቄዬ ቀላል ናት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በየሱቁ፣ በየቢሮው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ቆሞ የነበረው ባለቧንቧ ጀሪካን የት ሄደ? ያን ሰሞን እኛ አገር፣ ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ እጅህን ሳትታጠብ ልግባ ብትል የሚቆጣህ ሰው አይጠፋም ነበር። ጀሪካን ያጣው ደግሞ የሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በሚስማር በስቶ ከአጥሩ እንጨት ላይ ያንጠለጥል ነበር። ዛሬ እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የታሰረበት ሽቦ አንዳንድ ቦታ አሁንም አለ፤ ውሃው የለም።

"ኮሮና እኮ አለቀ፣ ቲቸር" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ተናግሯል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ወረርሽኝ ቤት ገብቶ ሲወጣ ትቶት የሚሄደው ልማድ አለ፤ ይዞት የሚወጣውም አለ። ከኮሮና በኋላ ቤታችን የቀረው ገበያውና ስልኩ የወደዱት ነው። ጥሎን የሄደው ደግሞ ለልጆቻችን ጤና ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ልናገርና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

መጀመሪያ ትንሽ ላስታውሳችሁ፤ ሰው ቶሎ ይረሳል። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በክልላችን ባሕር ዳርንና እንጅባራን ጨምሮ አንዳንድ ከተሞች ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተከለከለባቸው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ በሰውና በሰው መካከል "ሁለት የአዋቂ እርምጃ" ሆነ። መኪናው በግማሽ ሰው፣ ታሪፉ በእጥፍ።

አሁን ይህን ሕግ ወደ ወሎ ቤት አስገቡት። የእኛ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ ነው የሚላቀቀው። ቡናው ለብቻ አይጠጣም፤ ጎረቤት ሳይጠራ የፈላ ቡና እንደ ንፉግ ያስቆጥራል። እንጀራው የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው። ቅሬው ደግሞ በብዙ ቦታ ሃይማኖት አይለይም፤ የሞተውን ሁሉም ይቀብራል፣ የቀረውን ሁሉም ያጽናናል። እና ለቅሶ ላይ አራት ሰው ምን ይሠራል? መቃብር የሚቆፍረው እንኳ ከአራት ይበልጣል!

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ረመዷን ሚያዝያ 16 ገባ። አንዱ ቅዳሴውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሰማ፣ ሌላው ተራዊሑን ከልጆቹ ጋር ሳሎን ሰገደ። በደጉ ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ አሳርዶ "ኑ ብሉልኝ" የሚለው ሰው፣ ያን ዓመት በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ብቻ ሰላም አለ። ይህ ቀላል አልነበረም። በሽታው ከመግባቱ በፊት ብቸኝነቱ ነው ቀድሞ ቤታችን የገባው።

ወደ ፍጆታው እንምጣ።

ያን ሰሞን መጀመሪያ የተሻማነው መድኃኒት ብለን ያሰብነውን ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም። ዋጋው ወዲያው ወጣ። እኔ ነጭ ሽንኩርትን አልነቅፍም፣ ወጡን ያጣፍጠዋል። ግን ቤተሰቡ የሳሙናውን ገንዘብ ለሎሚ ያወጣበት ጊዜ ነበር፤ ቫይረሱን ከእጅ የሚያጥበው ደግሞ ሳሙናው ነው። ሳኒታይዘር ሲጠፋ ለአረቄ አዲስ ሥራ የፈጠሩም ነበሩ፤ እጅ ላይ የፈሰሰው ይበልጥ ይሁን ጉሮሮ የገባው ፈጣሪ ያውቃል።

ሁለተኛው ለውጥ የገቢ ነው። ሳዑዲ ልጅ የሌለው የወሎ ቤት ስንት ነው? ልጅ ባይኖር የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ አለች። በሚያዝያ 2012 ሳዑዲ ዓረቢያ በወረርሽኙ መሃል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን መልሳ ላከች፤ ተባበሩት መንግሥታት ሳይቀር "ለጊዜው አቁሙ" ብሎ ነበር። ያልተመለሱትም ብዙዎቹ ሥራ ፈትተው ከቤት ዋሉ። ከዚያ የሚመጣው ብር ሲቋረጥ ቤተሰቡ ምን ይቀንሳል? ዱቄት አይቀነስም። ዘይት ይቀነሳል፣ ስኳር ይቀነሳል፣ ሳሙና ይቀነሳል። ማለትም ሳሙና ከመቼውም ይልቅ በተፈለገበት ወር፣ ሳሙና መግዣው ከመቼውም ይልቅ አነሰ።

ሦስተኛው፣ ማንም አዋጅ ላይ ያልጻፈው፣ ውሃው ነው። እዚህ ላይ ታገሱኝ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ትንሽ ሂሳብ ልሥራ።

6 ሰው ያለበት ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን 5 ጊዜ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በጣም ቆጥበን ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር እንበል። 6 በ5 ሲባዛ 30፤ 30 ግማሽ ሊትር 15 ሊትር። ለእጅ ብቻ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከተማ ቧንቧ ከፍቶ ለሚታጠብ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ምንጭ ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ዳገት በጀርባ ለሚወጣ ግን በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ነው። ወሩም መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ በልግ ካልመጣ ምንጩ ራሱ የሚቀጥንበት ጊዜ።

ያን ጉዞ ማን ተጓዘው? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ስለዚህ "ሥራ የላትም"። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ቤት ውስጥ እንኳ ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት እሷ ምንጭ ላይ ናት። ወንድሟ ከብት ሲያግድ ቢያንስ ደብተሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጀሪካን ተሸክሞ ግን ደብተር አይነበብም።

ትምህርት በ2013 ጥቅምት ሲከፈት ከሰባት ወር በኋላ የተመለሱትን ያየ መምህር ሁሉ ባዶ ወንበር አይቷል። አንዳንዷ ተድራለች። በክልላችን በዚያ የመዘጋት ጊዜ ያለዕድሜ ጋብቻ እንደጨመረ፣ አንዳንዱም በሕግ እንደተቋረጠ በወቅቱ በሰፊው ተነግሯል። አንዷ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ደሴ ወርዳለች። የተመለሱት ደግሞ ባለፈው ዓመት አንደኛ መንፈቅ ውጤት ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። የ12ኛ ክፍሎቹ ፈተናቸውን የተፈተኑት በ2013 የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ወረርሽኙ ከሁሉም ቤት ያወጣው ወጪ እኩል እንዳልነበር ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን የቀረውንና የሄደውን እንለይ።

የቀረው ምንድን ነው? ስልኩ። ድሮ እግር የሚጠይቀው ነገር ዛሬ በስልክ ያልቃል፤ ለቅሶ መድረስ እንኳ "ደውዬ አጽናንቻለሁ" ሆኗል። ቴሌግራሙም ቀረ፤ ለትምህርት ብሎ የገባው ለሌላውም ሆነ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር፣ ብር በእጅ መቀባበልን ሲፈራ የከረመ ሰው ቶሎ ለመደው፤ ይህ ጥሩ ነው። ዝንጅብል በሻይ ቀረ፣ እሱም ደግ ነው። ወጥቶ ያልወረደው ዋጋም ቀረ፤ እሱን ለኮሮና ብቻ መስጠት ይከብደኛል፣ ጦርነቱም ድርቁም የምንዛሪውም ነገር አለበት።

የሄደውስ? ማስኩ ሄደ፤ የሚያስለው ሰው እንኳ መኪና ውስጥ አፉን አይሸፍንም። ሁለቱ የአዋቂ እርምጃ ሄደ፤ እሱስ ይሂድ፣ አልናፈቀኝም። ሳሙናውና ጀሪካኑ ሄዱ። ልጅቷ ግን አሁንም ምንጭ ላይ ናት።

ለምን ይህ ሄዶ ያ ቀረ? የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ የሚቆይ ልማድ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ባለቤት፣ ጊዜና ምርቃት።

አስቡት፣ እኛ እጅ መታጠብን ከኮሮና አልተማርንም። ማስታጠብ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ያለ ነው። እንግዳ ማዕድ ሊቀርብ ሲል አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ይመጣል፣ ከትልቁ ጀምሮ ያስታጥባል፣ ሲበላም ያበቃና ይደግማል። ታጣቢው "እደግ" ወይም "እደጊ" ብሎ ይመርቃል። ባለቤት አለው፣ ልጁ። ጊዜ አለው፣ ምግብ ሲቀርብ። ክፍያም አለው፣ ምርቃት። የሙስሊሙ ውዱእ ደግሞ በቀን አምስት ሶላት የታሰረ ነው። እነዚህን ማንም አዋጅ አላቆማቸውም፣ ማንም አዋጅ አላነሳቸውም። በር ላይ የቆመው ጀሪካን ግን ባለቤቱ አዋጁ ነበር። አዋጁ በአምስት ወሩ ሲያበቃ ጀሪካኑም ወላጅ አልባ ሆነ።

የቀድሞዎቹ በዚህ ከእኛ በልጠዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። በዓለም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል፤ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ "የኅዳር በሽታ" አለው። ሐኪም ጥቂት፣ መድኃኒት የለም፣ ቫይረስ የሚባል ቃል ማንም ጋ አልደረሰም። ነገር ግን ሰው ለበሽታው አንድ ቀን ሰጠው። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠል፤ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለውን ብዙ ሰው ከዚያ በሽታ ጋር ያያይዘዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በየከተማው ጢሱ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ጢሱን አልደግፍም፣ ላስቲክ እያቃጠልን መተንፈስ በሽታን አያባርርም፤ ይጠራዋል እንጂ። የገረመኝ ዘዴው ነው። ቀን አለው፣ ባለቤት አለው፣ ልጅ ከአባቱ ያየዋል። እኛ በ2012 ለወረርሽኙ ፖስተር ሰጠነው፣ ማስታወቂያ ሰጠነው፣ ስልክ በደወልን ቁጥር የሚቀድመንን ድምፅ ሰጠነው። ቀን ግን አልሰጠነውም።

"ጦርነት መጣ እኮ፣ ማን ስለ ሳሙና ያስባል?" የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት ደሴ ድረስ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህም ክልላችን እፎይ አላለም። የተፈናቀለ ሰው ስለ እጅ መታጠቢያ አልተናገረም ብዬ አልወቅሰውም። "ኮሮና እኛ ደጋ ሰዎችን ምን አደረገን?" የሚልም አለ። በአገር ደረጃ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ፣ የተመዘገበው ታማሚ ወደ 500,000 ነው፤ ይህም የተመረመረው ብቻ ነው። ግን እሺ፣ ኮሮናን እንርሳው። ሌሎቹንስ?

ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ የምንለው፣ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በእጅ፣ በዝንብ፣ ፊት በሚጠረግበት ነጠላ ጫፍ ይተላለፋል። ልጅ ላይ ይጀምራል። እየተደጋገመ ሲመጣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየፋቀ፣ በእናትነት ዕድሜ ላይ ያሳውራል። ከመከላከያው ዋነኛው ፊትና እጅ መታጠብ ነው። የሕፃናት ተቅማጥም እንደዚሁ፣ ኮሌራም እንደዚሁ። ያ በር ላይ የነበረ ጀሪካን ለኮሮና ብለን ሰቀልነው እንጂ የሚያገለግለው ለእነዚህም ነበር። ኮሮና ሲሄድ አብሮ መሄድ አልነበረበትም።

እና ምን እናድርግ? ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አላመጣም። ውሃ ወደየመንደሩ ማምጣት የመንግሥት ሥራ ነው፣ እሱን መጠየቅ አንተውም። እስከዚያው ግን ባለቤት ላለው ነገር ጀሪካኑን እንስጠው።

ቅሬው ባለቤት አለው። ድንኳን፣ ድስትና ብርጭቆ ያለው ቅሬ ሁለት ባለቧንቧ ጀሪካን መጨመር አያቅተውም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ከመታደሉ በፊት ዳኛው "መጀመሪያ እጅ" ቢል የሚቃወም የለም።

ማኅበሩና ሰንበቴው ሙሴ አላቸው። ጽዋው የሚዞርበት ቤት ደጃፍ ላይ ውሃና ሳሙና ማቆም የባለ ተራው ግዴታ ይሁን። በመስጊዱ የውዱእ ቦታ አለ፤ የጎደለው አንድ ሳሙና ነው።

ትምህርት ቤቱ የክፍል አለቃ አለው። መምህራን ወዳጆቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ጠመኔ የሚያመጣ ተረኛ ካለ ውሃ የሚሞላም ተረኛ ይኑር። ተረኛው ግን ወንድም ሴትም ይሁን፤ ሁልጊዜ ሴቶቹን አትላኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ወንድ ልጅ ያላችሁ ስሙኝ፣ ልጃችሁ ጀሪካን ቢሸከም ክብሩ አይወርድም። 20 ኪሎ ስንዴ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ጎረምሳ 20 ኪሎ ውሃ ሲባል እጁ የሚዝልበት ምክንያት የለም። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ። በቃ።

ቀኑን ደግሞ ኅዳር 12 እናድርገው፤ የቀድሞዎቹ መርጠውልናል። ክርስቲያኑ ሚካኤልን ያክብር፣ ሙስሊሙ ጎረቤትም በጽዳቱ ይርዳ፤ በሽታ ሃይማኖት አይለይም። ያን ቀን ቆሻሻውን እንጥረግ፣ ላስቲኩን ግን አናቃጥል። ጀሪካኑን አጥበን፣ ቧንቧውን ጠግነን፣ ሞልተን በር ላይ እንመልሰው። በዓመት አንድ ጊዜ። ልጆቹ ያዩታል፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ እኛም ስለ 1911ና ስለ 2012 እንነግራቸዋለን።

የምለው ይህን ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ሲመጣ ግን እንደገና "እጃችሁን ታጠቡ" መባላችን አይቀርም፤ ያኔ እንደገና ሽቦ ፈልገን፣ ሎሚ ተሻምተን፣ ልጅቷን ምንጭ ልከን እንጀምራለን? ወይስ ውሃው በር ላይ፣ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ሆና ያገኘናል?

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ። በየቤታችሁ፣ በየቅሬያችሁ ከኮሮና ጊዜ እስከ ዛሬ የቀጠለ በጎ ልማድ አለ? ጀሪካኑን ያላወረደ ቤት ካለ በተለይ እሱን ንገሩኝ፤ ሄጄ እታጠብና እመርቃለሁ።

ሰላም ክረሙ። ቶናው እንዳይቀዘቅዝባችሁ።